ከወገብ በላይ የተነሳ ፎቶ

ጥር 16 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ነገሌ

ጉያቱ ዛሬም አልተሻላትም። ስኳሩ አፏን ያደርቀዋል፤ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ የቆርቆሮ በሯ ሲንቋቋ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። አጥር ለአጥር ነን፤ እሷ ስታነጥስ እኔ «ይማርሽ» የምል ጎረቤት። ባሏ ኦቦ ጃልዴሳ ግመሎቹን ይዘው ውሃ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል፤ የዘንድሮ ድርቅ ቀልድ አያውቅም። ልጃቸው ሚልኪ ዩኒቨርሲቲ ጤና ትማራለች፣ ለእረፍት ትመጣለች ተብሎ ይጠበቃል። ትምጣ እንግዲህ። ባለፈው ክረምት መጥታ ከእናቷ ሻይ ስኳሩን፣ ከእኔ ወጥ ጨዉን ቀንሳ ነው የሄደችው። የተማረ ልጅ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ጣዕም ነው።

ከሰዓት ጉያቱ ፀጉር ቤቴ መጥታ የደንበኛ ወንበር ላይ ተዘረረች።

«ሸዋ፣ ሆዴ መድኃኒት ቤት ሆነ። ጠዋት ክኒን፣ ማታ ክኒን። ቁርሴ ከክኒኑ ያንሳል።»

«ዋጪ እንጂ።»

«ስውጥ ኖሬ ምን አገኘሁ?»

 ሹሩባዋን ፈትቼ እንደገና ሠራሁላት። ፀጉሯም ሳስቷል፤ እሱን አልነገርኳትም።

ጥር 19

ሞሉ መጣ። የእህቴ ልጅ ነው፣ የአይሱዙ ሾፌር፤ ከሐዋሳ ሲመለስ ለፀጉር ቤቱ መጽሔት ያመጣልኛል። ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ቀብራ ስትቀመጥ የምታየው ነገር ያስፈልጋታል፤ አለዚያ የእኔን ሥራ ነው የምታየው።

እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። መጽሔት ሳነብ ደግሞ ዝም ብዬ አላነብም፤ ቆሜ፣ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ፣ የወንዱን በወንድ ድምፅ የሴቷን በሴት ነው። ኢቢሴ፣ ያቺ ቀበሌ የምትሠራው ደንበኛዬ፣ «አንቺ ስታነቢ ሬዲዮ ይፈር» ትለኛለች።

የዛሬው ሽፋን እንዴት ያምራል! አንዲት ሴት ግመል አንገት ላይ እጇን ጥላ ትስቃለች። ሻሿ ቀይ፣ ጥርሷ ወተት። ከላይ በትልቁ «ስኳርን የረታው ወተት!» ከሥሩ «ተመራማሪዎች አረጋገጡ»። ሴትዮዋ ወይዘሮ ሶሲ ኩራ ትባላለች፣ የሞያሌ ሰው። ዓመታት በስኳር ስትሰቃይ ኖራ የግመል ወተት መጠጣት ጀመረች፤ «ዛሬ ክኒን የሚባል አልውጥም» ብላለች። ጥናትም አለ ይላል፣ ጆርናል በሚባል ነገር ላይ የወጣ።

ሳነብ ትሰማ የነበረችው ጉያቱ መጽሔቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ማንበብ አትችልም። ፊቷን ፎቶው ላይ ደፍታ ቆየችና ጮኸች።

«ሸዋ! የግመሏን አንገት እዪው! ይሄ የአባቴ ጎሳ ምልክት ነው!»

እውነትም በብረት የተተኮሰ ምልክት አለ። እኔ ጭረት መስሎኝ ነበር። የቦረና ሰው ግን የጎሳውን ምልክት ከሩቅ፣ በአቧራ ውስጥ፣ ግመሉ እየሮጠ ነው የሚለየው።

«የኔው ቤት ግመል ናት» አለች ጉያቱ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «የኔው ወተት ነው ያዳናት።»

ካስክ ሥር ያለችውም፣ ቢጉዲ የተጠቀለለላትም እልል አሉ። እዚያ ላይ መብራት ጠፋ። ፀጉር ቤቴ መስኮት የለውም፣ መብራት ሲሄድ ጉድጓድ ነው። ንባቡ ያለቀ ያህል ነበር፤ ከሽቶ ማስታወቂያው ሥር ጥቃቅን መስመር ብቻ ነው የቀረው። ለዚያ ብዬ ሻማ አልለኩስም።

ጥር 23

ጉያቱ ክኒኑን ተወች። ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያመጡት ሴቶች ጋ ሄዳ ገና ከጀሪካኑ ሳይወርድ ትገዛለች። ፊቷ ጠራ። ትስቃለች። ሃያ ዓመት የማውቃት ጉያቱ ተመለሰች። ሐኪሞቹ በዓመት ያላመጡትን ፈገግታ አንድ መጽሔት በአራት ቀን አመጣው፤ ይፈሩ!

ጥር 26

ሚልኪ ገባች። ሻንጣዋን ሳትፈታ የእናቷን ክኒን ቆጥራ፣ ያልጎደለ መሆኑን አይታ፣ እያለቀሰች እኔ ጋ መጣች። መጽሔቱን አሳየኋት። አነበበችው። መልሳ አስቀምጣው ወጣች። ማታ ከኢንተርኔት ቤት የታተመ ወረቀት ይዛ ተመለሰች።

ያ ጆርናል ተብዬ ይኸው ነው። የሰው ፎቶ የለው፣ ቀለም የለው፣ ርዕሱ ብቻ ሦስት መስመር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ። መሐሉ ላይ በቁጥር የተሞላ ሳጥን፣ ከሱ ቀጥሎ ቁልቁለት የሚወርድ መስመር። ይሄን ደንበኛዬ ካስክ ሥር ብትይዘው ፀጉሯ ሳይደርቅ ነፍሷ ትደርቃለች።

ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ኢቢሴም ነበረች።

«እትዬ ሸዋ፣ እስቲ ይንገሩኝ፣ ይሄን መጽሔት የጻፈው ማነው?»

«የዝግጅት ክፍሉ።»

«የዝግጅት ክፍል የሚባል ሰው አለ?»

«ያንቺንስ ማን ጻፈው?»

«ስድስት ሰዎች። ስማቸውም፣ የሚሠሩበት ቦታም ተጽፏል።»

«አንድ ወረቀት ለመጻፍ ስድስት ሰው? አንዱ ቢያውቅበት ብቻውን ይጨርሰው ነበር!»

ኢቢሴ ሳቀች። ሚልኪ ግን ዝም አትልም፣ የእናቷ ልጅ ናት።

«ከመታተሙ በፊት ሌሎች የሙያው ሰዎች አንብበው ስህተቱን ነቅሰውታል።»

«ስህተት ነበረበታ!»

«መጨረሻ ላይ ደግሞ ነገሩን ከማን ከማን እንዳገኙት ዘርዝረዋል። ይኸው።»

አየሁት። ሁለት ገጽ ሙሉ ስም። «ይሄማ የዕድር መዝገብ ነው» አልኳት። ኢቢሴ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር።

ሚልኪ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ ተከለች። መጽሔቱ የጠቀሰው ጥናት ራሱ ይኸው ነው አለችን። ሕመምተኞቹ ወተቱን የጠጡት መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ነው፤ መጽሔቱ ይቺን ዘሏታል። መጨረሻውም «ሌላ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል።

«ታዲያ ሳይጨርሱ ለምን ጻፉት? እኔ ግማሽ ጭንቅላት ሠርቼ ‹ሌላ ሹሩባ ያስፈልጋል› ብዬ ደንበኛ ብሸኝ በዚህ ከተማ እኖራለሁ?»

ሳቅን። ሚልኪ አልሳቀችም። «እትዬ ሸዋ፣ እናቴ እኮ ናት» አለችና ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

ሌሊት ነው አሁን። ያቺ «እናቴ እኮ ናት» ያለችው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ለእኔስ ማን መሰለቻት?

ጥር 29

ኦቦ ጃልዴሳ ለሁለት ቀን መጡ። እግራቸው አቧራ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ። ሰላምታው እስኪያልቅ፣ «አካም፣ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ?» እስኪባል፣ ሚልኪ መቀመጥ አቅቷት ነበር። ከዚያ ነገሩን አባቷ ፊት አቀረበችው፤ መጽሔቱንም ጆርናሉንም። እኔም ተጠራሁ፣ እንደ ተከሳሽ።

እሳቸው ሁሉንም ሰምተው ሚልኪን ጠየቁ።

«በዚህ ባንቺ ወረቀት ወተቱን የጠጡት ሰዎች ማን ማን ይባላሉ?»

«አባ፣ ስማቸው አይጻፍም። የሕመምተኛ ምስጢር ነው።»

«የማን ልጆች ናቸው? ከየትኛው ውሃ የሚጠጡ?»

«እሱም አይጻፍም። ቁጥራቸው ብቻ ነው የተጻፈው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚህ አገር ወሬ ሲነገር የነገረውን ሰው ስም ከነአባቱ ሳይጠሩ አይጀመርም። ዝናብ እከሌ ቦታ ዘነበ ካልክ ማን አይቶ ነገረህ ትባላለህ፤ ስም ካላመጣህ ከብቱ አይንቀሳቀስም።

«ስም የሌለው ወሬ ንፋስ ነው» አሉ። ከዚያ መጽሔቱን አነሱ። «ይቺ ሴት ግን ስም አላት፣ አባት አላት፣ አገር አላት። ግመሏም ምልክት አላት። ነገ ሄጄ ብጠይቃት አገኛታለሁ።»

ጉያቱ አጨበጨበች። ሚልኪ እዚያው አለቀሰች። «አባ፣ ስማቸውን የደበቁት እንዳይዋሹ እንጂ እንዲዋሹ አይደለም» አለች፤ ማን ይሰማታል? እኔም ለራሴ ይኸው አልኩ። ስድስት ምሁር በአንድ ሽማግሌ ጥያቄ ወደቀ።

ደስ ያለኝን ያህል ግን አልበላሁም ማታ። አልራበኝም ነበር መሰለኝ።

የካቲት 4

ሚልኪ ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መኪናው ሊነሳ ሲል እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ ሸዋ፣ እናቴ የእኔን አትሰማም፣ የእርስዎን ነው የምትሰማው። ክኒኑን እንድትጀምር አንድ ጊዜ ብቻ ይንገሩልኝ።»

«እነግራታለሁ» አልኳት። «ነገ።»

የካቲት 8

ሙሽራ። ሌላ ሙሽራ። ወገቤ ተቆረጠ። የፀጉር ፔስትራዬ ተቃጠለ። ጉያቱን አላየኋትም። ነገ።

የካቲት 12

ጾም ሳይገባ ሁሉም ሊያገባ! ጉያቱ በአጥር ላይ ወተት አቀበለችኝ። ጠጣሁ፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ጥሩ ነው። ደህና ትመስላለች። ደህና የምትመስልን ሰው «ታምመሻል» ማለት ምን የሚሉት ሥራ ነው? አልነገርኳትም።

የካቲት 17

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ። ጉያቱ ከገበያ ስትመለስ የጎማ ጫማዋን አውልቃ ስታራግፍ ከሶሉ የግራር እሾህ ወጣ፤ ረጅም፣ እንደ መርፌ ቁልጭ ያለ። እግሯ ገብቶ ነበር። ደም አለ። እሷ ግን ምንም አልተሰማትም! ከገበያ እስከ ቤት ረግጣው መጥታለች።

«አየሽ?» አለችኝ። «ድሮ ጠጠር ብረግጥ የምጮህ ሴት! ወተቱ እንዴት እንዳጠነከረኝ!»

እኔም ገረመኝ። ለደንበኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው። ኢቢሴ ብቻ ፊቷን ቅጭም አድርጋ «አልተሰማትም? እሾህ?» አለች። ያቺ ደግሞ ሁልጊዜ በሰው ደስታ ላይ ውሃ ማፍሰስ ትወዳለች።

የካቲት 23

የጉያቱ እግር ትንሽ አብጧል። በጨው ውሃ አጠብኩላት። አያማትም። ካላመማት ምንድነው?

የካቲት 26

ሽታ አለው።

የካቲት 27

ሆስፒታል። ሞሉ በአይሱዙው ጋቢና ወሰዳት። ተንቀጥቅጣ ነበር፣ እያወራች የምታወራውን አታውቅም። በእናቷ ስም ጠራችኝ። ኦቦ ጃልዴሳ እንዲመጡ በሚመጣው በሚሄደው ሁሉ መልእክት ተላከ።

መጋቢት 3

ሚልኪ ሌሊቱን ተጉዛ ደረሰች። ሰላም አለችኝ፣ ሳመችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉያቱ ነቅታለች። የስኳር መርፌ ጀምረውላታል። እግሯ ግን ጠቁሯል፣ ሁለቱ ጣቶች። ሐኪሙ ገና ጎረምሳ ነው፣ ጺሙ እንኳ በደንብ አልወጣ። በር ላይ ቆሜ ለነርሷ ሲል ሰማሁት፤ «መድኃኒት አቋርጪ ያላት ማነው? ይሄን የመሰለ ምክር የሰጣት ሰው አጠገቧ ይሆናል።»

አጠገቧ! ምክር አልሰጠሁም። የተጻፈ ነገር ነው ያነበብኩት። የተጻፈ። እኔ ሬዲዮ ነኝ እንጂ ጣቢያ አይደለሁም።

እሾሁ ሳይሰማት መቅረቱ ከወተቱ አይደለም አሉኝ። በሽታው ነው የእግሯን ስሜት የገደለው። ኢቢሴ ያን ቀን ገብቷት ነበር ማለት ነው። ለምን አልጮኸችብኝም? ፊት በማጨማደድ ሰው ይድናል?

መጋቢት 5

ዛሬ መጽሔቱ ጀርባ ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። በንዴት ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳትኩ። አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ልጅ አነሳ።

«ወንድሜ፣ ስኳርን የረታው ወተት ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ እትዬ! በጣም የተወደደ ነው፣ አልቆ ደግመን አሳተምን።»

«ጎረቤቴ እሱን ሰምታ መድኃኒቷን አቁማ እግሯ ሊቆረጥ ነው።»

በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «እትዬ፣ እኛ እኮ መጽሔት ነን። ሰው ሻይ እየጠጣ የሚያነበው ነገር። ጆርናል አይደለንም።»

«እሱን ለምን ሽፋኑ ላይ አልጻፋችሁትም?»

«ምኑን?»

«ሻይ እየጠጣችሁ አንብቡ፣ ግን አትመኑን ብላችሁ! ‹ተመራማሪዎች አረጋገጡ› ስትሉ ያንን የተመራማሪ ካባ ትለብሳላችሁ፣ ስትጠየቁ አውልቃችሁ ሻይ ቤት ትገባላችሁ!»

«እትዬ አይቆጡ። ደግሞ እኮ መጨረሻው ላይ ‹መድኃኒትዎን ከማቋረጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ› ብለናል። እስከ መጨረሻው አላነበቡትም?»

ስልኩ ተቋረጠ። ካርድ አልቆ መሰለኝ።

መጽሔቱን አወጣሁ። አለች። ከሽቶ ማስታወቂያው ሥር፣ ጉንዳን የምታህል ፊደል። የሽቶው ብልቃጥ ስንዝር ያህላል፤ የሰው እግር የሚያድነው መስመር ጉንዳን። እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው እንዲነበብለት ፈልጎ ነው? ሌቦች ናቸው። ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሁሉም ሰው ያውቃል መብራት መጥፋቱን።

መጋቢት 9

ኦቦ ጃልዴሳ ደርሰው ሚስታቸውን አዩ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። መጽሔቱን ስጪኝ አሉኝ። አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ወዴት ነው ኦቦ?»

«ሞያሌ። ስም ያለው ሰው ወሬ ከዋሸ ባለስሙ ይጠየቃል። እኔ ነኝ ስም አላት ብዬ ያመንኩት።»

ሞሉ ጭነት ነበረው ወደዚያ፣ አብረው ሄዱ። ሚልኪ «አሁን ሄደው ምን ያደርጋሉ» አለች። እኔ ግን ያቺን በወተት ጥርሷ የምትስቅ ሴት ጎትተው እንዲያመጡልኝ ተመኘሁ። የምላትን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ሳትከፍል ለጠፋች ደንበኛ እንኳ ያላልኩትን።

መጋቢት 15

መጣች።

ሆስፒታል ጉያቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኦቦ ጃልዴሳ በሩን ያዙና አንዲት ሴት ገባች። ቀይ ሻሽ። ያው ፊት፣ ያው ጥርስ። ከወገብ በላይ መጽሔቱ ራሱ ነው። ከወገብ በታች ግን በሁለት ምርኩዝ ነው የቆመችው፤ ግራ እግሯ ከጉልበቷ ጀምሮ የለም።

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ እንደ ደረቅ ዳቦ ቀረ።

«አካም፣ ናጋ?» አለች። ጉያቱ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ታች አየች።

«እግርሽስ?»

«እግሬማ ከፎቶው በፊት ነው የሄደው። ፎቶ አንሺው ‹ከወገብ በላይ ይበቃል፣ ግመሏን እቀፊና ሳቂ› አለኝ። ሳቅኩለት። ማን ፎቶ አንስቶኝ ያውቃል?»

«ክኒን አልውጥም ብለሽ የለ?»

«ብያለሁ። ክኒን አልውጥም፣ አሁን መርፌ ነው የምወጋው፣ ወተቱንም እጠጣለሁ፣ ነው ያልኩት። ሊጽፍ የመጣው ልጅ ክኒኗን ወስዶ መርፌዋን እዚያው ጥሏት ሄደ።»

ሚልኪ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሶሲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጉያቱን በፋሻ የተጠቀለለ እግር በእጇ ነካች። «ግመሏ የኛው ናት፣ አልተሳሳትሽም። ወተቱም ጥሩ ነው፣ ጠጪው። ግን እህቴ፣ መርፌሽን። መርፌሽን።»

ኦቦ ጃልዴሳ ናቸው የነገሩን፣ እሷ አትናገርም። ሞያሌ ቤቷ ደርሰው መጽሔቱን ፊቷ ዘርግተው ሊጠይቋት ነበር። የጎሳሽ ልጅ ባንቺ ወሬ ታማ ተኝታለች ሲሏት ምርኩዟን አነሳች፣ ውሃ እንኳ ሳታቀርብላቸው ተከትላቸው ወጣች። በዚያ ሁሉ ኮረኮንች፣ በአይሱዙ።

ከዚያ ሶሲ ዙሪያውን አይታ፣ «ማነው ያነበበልሽ?» አለች።

ጉያቱ እኔን አላየችኝም። ጣሪያውን እያየች «መጽሔቱ ነው» አለች።

ሻይ ላመጣ ወጣሁ።

መጋቢት 17

ሁለት ጣት ቆረጡ። እግሩ ተረፈ። ሐኪሙ፣ ያ ጺም የሌለው፣ «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ምሁር መጨረስ አይወድም ብያለሁ። የእሱን ግን እኔው ጨረስኩት ለራሴ።

ሶሲ እስካሁን አልሄደችም። እኔ ቤት ነው የምታድረው። ሌሊት ምርኩዟን ግድግዳ ላይ ስታስደግፍ እሰማለሁ። ስለ መጽሔቱ አንድ ቃል አትናገርም፤ ስለ ግመሎች፣ ስለ ሞያሌ፣ ስለ ልጆቿ ብቻ። ሹሩባ ሠራሁላት። «ከወገብ በላይ አሁንም አምራለሁ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ።

መጋቢት 28

ዘነበ! ቆርቆሮው ሲደበደብ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ጉያቱ ቤቷ ገብታለች። ሶሲ ሄደች፣ ሞሉ ወሰዳት። መርፌውን ጠዋት ጠዋት ሚልኪ ትወጋት ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ሚልኪ ስለምትሄድ ለእኔ አስተማረችኝ። በብርቱካን ላይ ነው የተለማመድኩት። እጄ አይንቀጠቀጥም። ፀጉር ሠሪ ነኝ እኮ።

ልትሄድ ስትል ያን የድሮውን ጆርናል ሰጠችኝ፣ ወደ አማርኛ ተርጉማው። የመጨረሻውን የስም ዝርዝር ብቻ እንዳለ በእንግሊዝኛው ነው የተወችው። «እትዬ ሸዋ፣ ለማንም ባያነቡትም ይያዙት» አለች። ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። 

ሚያዝያ 4

ዛሬ ብዙ ሰው መጣ፣ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሞሉ። አዲስ መጽሔት ይዞ፤ ሽፋኑ ላይ ራሰ በራ የነበረ ሰውዬ፣ አሁን ፀጉሩ እንደ ደን። «በአንድ ሳምንት ፀጉር የሚያበቅል ቅጠል!» ሞሉን «ይሄማ እንጀራዬን ሊያበዛልኝ ነው» አልኩት። ኢቢሴ ካስክ ሥር ሆና «እስቲ ከወገብ በታች አሳዩን!» ብላ ጮኸች። ከተማው ሁሉ እንዲህ ማለት ጀምሯል፤ ትናንት ገበያ ላይ አንዲት ሴት ቅቤ ሻጯን ማመን አቅቷት «ከወገብ በታችስ?» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቀጥሎ ኦቦ ጃልዴሳ፣ ወደ ግመሎቹ ሊመለሱ። ሚስታቸውን ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጡልኝ። «መርፌው?» አሉ። «ወግቻታለሁ» አልኳቸው። እጄን ያዙ፣ ሄዱ።

ከዚያ ጉያቱ። ሹሩባዋን እየፈታሁ ሳለ፣

«ሸዋ፣ ያን የሚልኪን ወረቀት አንብቢልኝ።»

«ያንን? ትተኛለሽ። ፎቶ እንኳ የለውም።»

«አንብቢልኝ። እስከ መጨረሻው።» ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። «ያን ቀን መብራት ሲጠፋ ዝም ስትይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።»

 ቁጣ አልነበራትም በድምፅዋ። ማበጠሪያውን አስቀምጬ ወረቀቱን አመጣሁ።

አነበብኩላት፣ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ፣ ድምፅ ሳልቀያይር። ስንት ሰው እንደጠጣ፣ ስንት ሰው እንዳልጠጣ። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የሚለው ጋ ስደርስ ሁለቴ አነበብኩት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። አንዳንድ ሰዎች ጥናቱን አቋርጠው ሄደዋል፣ ምን እንደሆኑ አናውቅም የሚል ቦታ ደረስኩ።

«አናውቅም ይላል?» አለች ጉያቱ።

«አናውቅም ይላል።»

«ተጽፎ?»

«ተጽፎ።»

«አናውቅም የሚል ወረቀት ሰምቼ አላውቅም» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «እነሱስ እግራቸው ምን ሆኖ ይሆን?»

እዚያ ላይ መብራት ጠፋ። ቤቱ ጉድጓድ ሆነ።  ኢቢሴ በጨለማ ውስጥ «አለቀልን» አለች፣ ካስኩን ነው። መሳቢያውን በዳበሳ ከፍቼ ሻማ ለኮስኩ።

የቀረውን አነበብኩ። ሌላ ጥናት ያስፈልጋል የሚለውንም። ወረቀቱን ላጥፍ ስል ጉያቱ እጄን ያዘች።

«ስሞቹስ? ከማን እንደሰሙት ስማቸው አለ አላለችም ሚልኪ?»

«አለ፤ የፈረንጅም የሐበሻም። ሁለት ገጽ ነው ጉያቱ!»

«ጥሪያቸው።»

ኤቢሲዲ እችላለሁ። በሻማ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ አንድ በአንድ ጠራኋቸው፤ ግማሹን ሰብሬ፣ ግማሹን ፈጭቼ። ጉያቱ ለእያንዳንዱ ስም ራሷን እየነቀነቀች «እሺ» ትላለች፣ ሰላምታ እንደሚቀበል ሰው። ኢቢሴ ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ ቢጉዲዋን ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ይሄ ዕድር መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

«አንድ ገጽ ይቀራል» አልኳት። «ዝም ብለሽ ሻማውን ያዢልኝ።»